ብዙ ከፍለው ትንሽ ያገኙ ወላጆች፦ የኤጅውድ የትምህርት ቤት በጀት ጉዳይ

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ቤት ለመግዛት ሲነሳ ከወዳጅ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዲስትሪክቱን አይተኸዋል?» የሚል ነው። ዲስትሪክት በአንድ አካባቢ ያሉ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድር አካል ነው። የቤቱን ጣሪያና ወለል ከማየታችን በፊት የትምህርት ቤቱን ደረጃ እናያለን። ምክሩ ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ግን ሊያሳስበን ይገባል። ሁለት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በአንድ ከተማ፣ በአንድ የስቴት ሕግ ሥር ሆነው የልጆቹ ዕድል ይህን ያህል የሚራራቀው ለምንድን ነው?

ይህን ለመረዳት በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ከተማ የተነሳውን የኤጅውድ ጉዳይ ያህል የሚያግዝ አላገኘሁም። ጉዳዩ በ1968 ተጀምሮ እስከ 1995 ተጓተተ። አብዛኞቹ ቁጥሮች በፍርድ ቤት ቀርበው በውሳኔዎቹ ውስጥ የሰፈሩ ናቸው። ወላጆቹን፣ ጠበቆቹንና ዳኞቹን በስም አልጠራም። ማየት የምፈልገው የገንዘቡን መንገድ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሁለቱ ሰፈሮች

ኤጅውድ በሳን አንቶኒዮ ምዕራብ በኩል ያለ የትምህርት ዲስትሪክት ነው። በጊዜው በ25 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 22,000 ያህል ተማሪዎች ነበሩት። ከመቶ ዘጠና ያህሉ ከሜክሲኮ የዘር ሐረግ ካላቸው ቤተሰቦች የተገኙ ነበሩ፤ ከመቶ ስድስት የሚበልጡት ደግሞ ጥቁሮች። የመኖሪያ ሰፈር ስለሆነ ፋብሪካና ትልልቅ ንግድ ብዙም አልነበረውም።

አላሞ ሃይትስ እዚያው ከተማ ውስጥ ያለ የባለጸጎች ሰፈር ነው። ስድስት ትምህርት ቤቶችና 5,000 ያህል ተማሪዎች ነበሩት። አብዛኞቹ ነጮች ናቸው።

የትምህርት ገንዘቡ ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ከስቴቱ፣ ከፌዴራል መንግሥቱ፣ እና ዲስትሪክቱ በነዋሪው ቤትና መሬት ላይ ከሚጥለው ግብር። ይህ ፕሮፐርቲ ታክስ የምንለው ነው። ነገሩን ሁሉ የወሰነው ይህ ሦስተኛው ነው። ግብሩ የሚሰላው በንብረቱ ዋጋ ላይ ነው። ውድ ቤቶች ያሉበት ሰፈር በዝቅተኛ የግብር ምጣኔ ብዙ ይሰበስባል። ርካሽ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ምጣኔውን ምንም ያህል ቢሰቅለው የሚያገኘው ጥቂት ነው።

የ1967–68 የትምህርት ዘመን ቁጥር እንዲህ ይላል። ኤጅውድ በየ100 ዶላሩ የንብረት ዋጋ 1.05 ዶላር ያስከፍል ነበር። በከተማው አካባቢ ከዚህ የሚበልጥ ምጣኔ አልነበረም። አላሞ ሃይትስ 85 ሳንቲም ብቻ ያስከፍላል። የኤጅውድ ንብረት ለተማሪዎቹ ቁጥር ሲካፈል ለአንድ ልጅ 5,960 ዶላር ይደርሳል። በአላሞ ሃይትስ ከ49,000 ዶላር በላይ ነው። በውጤቱ ኤጅውድ ስቴቱ ለዲስትሪክቶች ገንዘብ ለሚያከፋፍልበት መርሐ ግብር ከሚያዋጣው ድርሻ በላይ ከራሱ ግብር ለአንድ ተማሪ ያገኘው 26 ዶላር ነበር። አላሞ ሃይትስ 333 ዶላር አገኘ።

እነዚህን ቁጥሮች ቸኩሎ ማለፍ አይገባም። የኤጅውድ መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ በዓመት 4,686 ዶላር፣ የአላሞ ሃይትስ ደግሞ 8,001 ዶላር ነበር። የገቢው ልዩነት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ከሰፈሩ ግብር ለትምህርት ቤቱ የቀረው ገንዘብ ግን አሥራ ሦስት እጥፍ ገደማ ተራራቀ። ስለዚህ «ድሃ ስለሆኑ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። አሠራሩ አንዱን ልዩነት ወስዶ ብዙ ጊዜ ያባዛዋል። «ለልጆቻቸው ትምህርት ግድ ስለሌላቸው ነው» የሚለውማ ጭራሽ አይሠራም። ከፍተኛውን ምጣኔ ይከፍሉ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ስቴቱ ለኤጅውድ በተማሪ 222፣ ለአላሞ ሃይትስ 225 ዶላር ሰጠ። የፌዴራሉ ርዳታ ለኤጅውድ 108፣ ለአላሞ ሃይትስ 36 ዶላር ነበር። ሁሉም ሲደመር ኤጅውድ ለአንድ ልጅ 356 ዶላር፣ አላሞ ሃይትስ 594 ዶላር ነበራቸው።

ስቴቱ ለምን ክፍተቱን አልሞላም? እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ነው። የስቴቱ ድጎማ በአብዛኛው የመምህራን ደመወዝ ነበር። ደመወዙ የሚሰላው ደግሞ በመምህሩ የትምህርት ደረጃና ልምድ ነው። የተሻለ ደመወዝና የተሻለ ክፍል ያለው ዲስትሪክት የተሻሉ መምህራንን ይስባል። እነሱን ተከትሎ የስቴቱም ገንዘብ ወደዚያው ይሄዳል። በ1970–71 የስቴቱ መርሐ ግብር ለኤጅውድ በተማሪ 356 ዶላር ሲያደርስ ለአላሞ ሃይትስ 491 ዶላር አደረሰ። ልዩነትን ያጠባል የተባለው ድጎማ ራሱ ልዩነቱን አሰፋው ማለት ነው።

ይህ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል በ1968–69 ታይቷል። በአላሞ ሃይትስ ሁሉም መምህራን ዲግሪ ነበራቸው። በኤጅውድ ከአምስቱ አንዱ ዲግሪ አልነበረውም። ከኤጅውድ መምህራን 47 ከመቶ ያህሉ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚያስተምሩ ነበሩ፤ በአላሞ ሃይትስ 11 ከመቶ። በአላሞ ሃይትስ አንድ የተማሪ አማካሪ ለ645 ልጆች ይደርሳል። በኤጅውድ አንዱ ለ3,098።

ነገሩ የፈነዳበት ቀን

በሜይ 16, 1968 አራት መቶ ያህል የኤጅውድ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ወደ ዲስትሪክቱ የበላይ ኃላፊ ቢሮ በሰልፍ ሄዱ። የጠየቁት ትልቅ ነገር አልነበረም። የተሰበረ መስኮት ይጠገን፣ መጸዳጃ ቤቱ ይሥራ፣ ብቁ መምህር ይመደብልን አሉ። በሕንጻው የላይኛው ፎቅ የሌሊት ወፍ ሰፍሮበት ነበር።

ወላጆች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ የትም ቦታ የሚነሳው ነው፤ ገንዘቡ ተበልቷል ወይም ኃላፊዎቹ በአግባቡ አላስተዳደሩትም የሚል። ወደ አንድ ጠበቃ ሄዱ። ጠበቃው የዲስትሪክቱን ሒሳብ ከጎረቤቶቹ ጋር አስተያየና ችግሩ ሌላ መሆኑን ነገራቸው። ኃላፊው ቢቀየርም የሚመጣው ሰው የሚያገኘው ያችኑ ገንዘብ ነው። መከሰስ ያለበት ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ሥርዓት ነው አላቸው።

የጉዳዩ አቅጣጫ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ወላጆቹ በዚያው ክረምት ክስ መሠረቱ። ከከሳሾቹ መካከል ግንባር ቀደሙ በአየር ኃይል ሰፈር በቆርቆሮ ሥራ የሚተዳደር አባት ነበር። ክሱ መጀመሪያ የከተማውን ዲስትሪክቶችም ያካተተ ነበር። በመጨረሻ ተከሳሽ ሆኖ የቀረው ስቴቱ ነው። የሳን አንቶኒዮ ዲስትሪክት ራሱ ከከሳሾቹ ጎን ቆሞ ለፍርድ ቤቱ አስተያየት አቀረበ።

የመጀመሪያው መንገድ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት

የወላጆቹ ክርክር አጭር ነበር። አንድ ልጅ የሚያገኘው ትምህርት በሰፈሩ የቤት ዋጋ መወሰኑ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለሁሉም የገባውን የእኩል ጥበቃ ቃል ይጥሳል አሉ። ያኔ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነበር። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘር የተከፋፈሉ ትምህርት ቤቶችን ሲያግድ ስቴቱ የሚያቀርበው ትምህርት ለሁሉም በእኩል ሊዳረስ ይገባል ብሎ ነበር።

ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ፍርድ ቤት መጀመሪያ ለስቴቱ ሕግ አውጪዎች ጊዜ ሰጠ። ሕጉን ራሳቸው ያሻሽሉት ይሆናል በሚል ነው። ምክር ቤቱ ምንም ሳያደርግ ጉባኤውን ዘጋ። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 1971 ለወላጆቹ ፈረደ። ስቴቱም ይግባኝ አለ።

በማርች 21, 1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ውሳኔውን ሻረው። ብዙኃኑ ዳኞች ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በግልጽም ሆነ በተዘዋዋሪ የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም አሉ። በድሃ ዲስትሪክት መኖርም እንደ ዘር ልዩ ጥበቃ የሚያሰጥ ነገር አይደለም አሉ። የአካባቢው ሰው ትምህርት ቤቱን ራሱ እንዲመራ ማድረግ በቂ ምክንያት ነው ብለው ተቀበሉ። ሥርዓቱ መሻሻል እንዳለበት ግን አልካዱም። ማሻሻሉ የሕግ አውጪዎች ሥራ ነው ብለው መለሱት።

የአካባቢ ነጻነት የሚለው ምክንያት ሲነበብ ያምራል። ኤጅውድ ግን ምን ነጻነት ነበረው? መምህር ልቅጠር ቢል በምን ገንዘብ? ምጣኔውን ልጨምር ቢል ቀድሞውንም ከሁሉም በላይ እያስከፈለ ነው። ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ ይህን በጥብቅ ጽፈውበታል። እኚሁ ሰው ዳኛ ከመሆናቸው በፊት በ1954ቱ ጉዳይ ለጥቁር ተማሪዎች ከተከራከሩት ጠበቆች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። በተቃውሟቸው ግርጌ አንድ ማስታወሻ አኖሩ። የዛሬው ውሳኔ ጉዳዩን በየስቴቱ ሕገ መንግሥት መሠረት እንደገና ከማየት አያግድም የሚል ነው። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የኒው ጀርሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በራሱ ስቴት ሕገ መንግሥት ላይ ተመሥርቶ የስቴቱን የትምህርት በጀት ሥርዓት ውድቅ አደረገ።

ሁለተኛው መንገድ፣ በስቴቱ ሕገ መንግሥት

የቴክሳስ ወላጆች ወደዚያ መንገድ የገቡት ዘግይተው ነው። በ1984 የሜክሲኮ አሜሪካውያንን መብት የሚያስከብር የጠበቆች ድርጅት በስቴቱ ፍርድ ቤት አዲስ ክስ ከፈተ። በዚህኛው ክስ ኤጅውድ ራሱ እንደ ዲስትሪክት ከሳሽ ሆነ። ሌሎች ድሃ ዲስትሪክቶችም ተጨመሩ፤ ቁጥራቸው ከስድሳ በላይ ደረሰ። ክርክሩም ተቀየረ። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ሕግ አውጪው ቀልጣፋና ውጤታማ የሆነ የነጻ ሕዝብ ትምህርት ቤት ሥርዓት እንዲያቋቁም ያዘዋል። ከሳሾቹ ይህ ግዴታ አልተፈጸመም አሉ።

ከመጀመሪያው ክስ የተሻለ ያደረገው ይህ ይመስለኛል። ያኔ ዳኞቹ ድህነት ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን ድሃ እንደሚባል እየተከራከሩ ዋናውን ነገር አሳለፉት። አሁን ጥያቄው በስቴቱ በራሱ ግዴታ ላይ አረፈ። ያቀረቡትም ማስረጃ የማይካድ ነበር። በስቴቱ ከሁሉም ሀብታም የሆነው ዲስትሪክት በአንድ ተማሪ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ንብረት አለው። ከሁሉም ድሃ የሆነው 20,000 ዶላር ያህል ብቻ። ልዩነቱ 700 እጥፍ ነው። ከሁሉም ድሃ የሆኑት 100 ዲስትሪክቶች በአማካይ 74.5 ሳንቲም እያስከፈሉ ለተማሪ 2,978 ዶላር ሲያወጡ፣ ከሁሉም ሀብታም የሆኑት 100 ዲስትሪክቶች 47 ሳንቲም እያስከፈሉ 7,233 ዶላር ያወጡ ነበር። ሁለቱ የሳን አንቶኒዮ ሰፈሮችም እዚያው ነበሩ፤ ኤጅውድ በተማሪ 38,854 ዶላር ንብረት፣ አላሞ ሃይትስ 570,109 ዶላር።

በኦክቶበር 1989 የቴክሳስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ለከሳሾቹ ፈረደ። እኩል የግብር ጫና የተሸከሙ ዲስትሪክቶች ለተማሪዎቻቸው በእጅጉ የተቀራረበ ገንዘብ ማግኘት አለባቸው አለ።

ፍርዱን ወደ ሕግ መለወጡ ግን ሌላ ትግል ሆነ። የመጀመሪያውን ማሻሻያ ፍርድ ቤቱ በ1991 አይበቃም ብሎ መለሰው። ሁለተኛውን በ1992 በሌላ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ምክንያት ጣለው። በሜይ 1993 ለሕዝብ ድምፅ የቀረበውን ማሻሻያ መራጩ አልተቀበለውም። በዚያው ወር መጨረሻ ሌላ ሕግ ጸደቀ። በአንድ ተማሪ ከ280,000 ዶላር በላይ ንብረት ያለው ዲስትሪክት ትርፉን ከሌሎች ጋር እንዲጋራ የሚያስገድድ ነው። ተቃዋሚዎቹ ከሀብታም ቀምቶ ለድሃ በሚሰጠው የተረት ሰው ስም «ሮቢን ሁድ» አሉት። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 1995 ሕጉን አጸና።

ምን ተሳካ፣ ምን አልተሳካም

በድሃና በሀብታም ዲስትሪክቶች መካከል የነበረው የወጪ ልዩነት ጠበበ። ጉዳዩ በቴክሳስም አልቆመም። በብዙ ስቴቶች ተመሳሳይ ክሶች ተነሡ፤ ብዙዎቹም ተሳኩ። «ገንዘብ ቢጨመር ምን ይለውጣል?» ለሚለው ጥያቄም መልስ የተገኘው ከእነዚሁ ክሶች ነው። በ2016 የታተመ ጥናት ፍርድ ቤቶች ባስገደዱት የበጀት ለውጥ ውስጥ ያለፉ ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከታተለ። በአሥራ ሁለቱም የትምህርት ዓመታት በጀቱ በ10 ከመቶ ከፍ ሲል ልጆቹ ካደጉ በኋላ የሚያገኙት ደመወዝ በ7 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ለውጡ ይበልጥ የጎላው በድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ ነው።

ያልተሳካው ጊዜው ነው። በ1968 የስድስት ዓመት ልጅ የነበረ፣ ፍርዱ በ1989 ሲሰጥ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ሕጉ ሲጸና ሠላሳ ሦስት። በእነዚያ ዓመታት በኤጅውድ ክፍሎች ያለፈው ትውልድ ከፍርዱ ያገኘው አንዳች ነገር የለም። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ሌላም ችግር አለ። ትርፍ ገንዘብ የመጋራቱ ሕግ የሰፈሩን የቤት ዋጋ እንጂ የተማሪዎቹን ኑሮ አያይም። የኦስቲን ከተማ ዲስትሪክት የቤት ዋጋ ስለናረበት በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለስቴቱ ይከፍላል። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ግን ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ናቸው። ከዲስትሪክቶች የሚሰበሰበው ገንዘብ ባደገ ቁጥር ደግሞ ስቴቱ ከራሱ ካዝና የሚያወጣው ይቀልለታል። በ2016 የቴክሳስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ብዙ ጉድለት እንዳለበት እየተናገረ ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሎ አሳለፈው። በ2019 ምክር ቤቱ ቀመሩን አሻሽሎ ተጨማሪ ገንዘብ መደበ።

ኤጅውድ ራሱም ከችግር አልወጣም። የተማሪዎቹ ቁጥር ከያኔው ከግማሽ በታች ወርዷል። በ2016 ዲስትሪክቱን የሚመራው ቦርድ አባላት መስማማት አቅቷቸው ስቴቱ በሌሎች ተክቷቸዋል። ይህን የምጽፈው የአስተዳደር ችግር የለም ማለት እንዳልሆነ ግልጽ እንዲሆን ነው። ጥሩ አስተዳደር ያስፈልጋል። ነገር ግን በ26 ዶላር የ333 ዶላሩን ሥራ የሚሠራ አስተዳዳሪ አይገኝም።

ለእኛ የሚሆን ምን አለው?

የመጀመሪያው ነገር ምርመራው ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሲወድቅ ቶሎ ብለን ርዕሰ መምህሩን፣ መምህሩን፣ ቀጥሎም ወላጁን እንወቅሳለን። የኤጅውድ ወላጆች ከዚያ አልፈው ጎን ለጎን አነጻጸሩ። በተማሪ ስንት ይወጣል? ከየት ይመጣል? ለዚህ ሰፈሩ ስንት ከፈለ? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ጠቃሚ ነው። ጥፋቱ የወላጆቹ አለመሆኑን ያሳየው እሱ ነውና።

ሁለተኛው፣ ሕጉን ከቅርብ መፈለግ ነው። ትልቁ በር ሲዘጋባቸው በራሳቸው ስቴት ሕግ ውስጥ የተሻለ አንቀጽ አገኙ። እኛም አገር ቢሆን በ1995 በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አላቸው ይላል። ይህን አንቀጽ ስለ ትምህርት ቤት በጀት ስናወራ ብዙ ጊዜ አናነሳውም።

የደመወዙም ነገር እኛን ይመለከታል። በኢትዮጵያ የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው የሚሄደው ለመምህራን ደመወዝ ነው። ብዙ ዓመት ያገለገለና ዲግሪ ያለው መምህር ወደ ከተማ ሲዛወር ደመወዙም አብሮት ይዛወራል። ገጠር የቀረው ትምህርት ቤት በወረቀት ላይ እኩል የመምህር ቁጥር ሊኖረው ይችላል። በብር ሲሰላ ግን ድርሻው ያነሰ ነው። የመምህር ብዛት ብቻ ቆጥሮ እኩል ተዳርሷል ማለት አይቻልም።

ስለ መዋጮም ልጨምር። የመማሪያ ክፍል በኅብረተሰብ ተሳትፎ ሲሠራ እናደንቃለን፤ ሊደነቅም ይገባል። እህል ሸጦ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጉልበቱን ሰጥቶ ለልጁ ክፍል የሚሠራ ገበሬ ከገቢው አንጻር ከማንም በላይ የከፈለ ነው። ይሁንና ግንባታው በመዋጮ ላይ ከተንጠለጠለ ዞሮ ዞሮ ኤጅውድ ነው። አቅም ያለው ቀበሌ ብሎኬትና ቆርቆሮ ያቆማል፤ የሌለው ጭቃ ይለጥፋል። ውጭ የምንኖር ሰዎች የተማርንበትን ትምህርት ቤት ስንረዳም ይኸው ይደርሳል። ብዙ ምሩቅ ያፈራው ትምህርት ቤት ብዙ ረጂ አለው። ማንም ወደ ውጭ ያልወጣበት ትምህርት ቤት ረጂ የለውም። የራስን ትምህርት ቤት መርዳት ይቁም አልልም። ገንዘብ የሚሰበስቡ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት ግን ከሰበሰቡት ከፊሉን በዚያው ወረዳ ረጂ ላጣው ትምህርት ቤት ቢመድቡ ለውጡ ትልቅ ነው።

አሜሪካ ላለን ደግሞ «ዲስትሪክቱን እይ» የሚለው ምክር ግማሽ መንገድ ነው። አቅም ያለው ይዛወራል፤ ያልቻለው እዚያው ይቀራል። የትምህርት ቦርድ ምርጫና የትምህርት ቤት ቦንድ (ለትምህርት ቤት ግንባታ የሚወሰድ ብድር) ድምፅ ሲሰጥ የሚወጣው መራጭ ጥቂት ነው። ዜግነት ያገኘን ቤት ተከራይም ብንሆን መምረጥ እንችላለን። የዲስትሪክቱ በጀት የሕዝብ ሰነድ ስለሆነ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። የቦርዱ ስብሰባም ለሕዝብ ክፍት ነው። እዚያ ሄዶ የኛ ትምህርት ቤትና የጎረቤቱ በተማሪ ስንት ስንት ያገኛሉ ብሎ መጠየቅ ጠበቃ አያስፈልገውም።